የሳይንስ ትምህርትና የቅዳሜ ስንቅ

ባለፈው ወር የቁጠባ ገንዘባችንን ቆጥረን ቡና ስንጠጣ፣ ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ አንዲት አባላችን ልጇ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስን እንደተወች ነገረችን። ልጅቷ «ሳይገባኝ አለፈ» ብላ ነው። እንዴት ሳይገባት ያልፋል ተባባልን፤ ጨዋታውም ወደ ራሳችን ዘመን ወሰደን።

ትልልቆቻችን ፊደል የቆጠርነው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ አብረው የተሰለፉበት ሥራ ሲሆን፣ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሀሁውን ነው። እኛ ግን ቀጥሎ የመጣውን ድኅረ መሠረተ ትምህርት አንረሳም፤ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ እርሻ የሚያስረዱ ቀላል ንባቦች ነበሩበት። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ሳይንስ ይኸው ነው። ሁሉም ወዶ ሄደ አንልም፤ የቀበሌ ግፊትም ነበረበት። ግን እኛ የተማርንበት ጣቢያ ሰዓታችንን ያውቅ ነበር። ውሃው ተቀድቶ፣ ከብቱ ገብቶ፣ ራት ቀርቦ ሲያበቃ በኩራዝ እንቀመጣለን። ልጅ ያዘለችም ትመጣለች።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። ሒሳቡም ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ጀመር። ሐሳቡን አንነቅፍም። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ያለች ልጅ የአዲስ አበባዋ ልጅ የምታየውን ሙከራ ማየቷ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ፕላዝማው ቆሞ አይጠብቅም። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረው። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ። ያኔ ተማሪ የነበሩት አባሎቻችን «ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል» ይሉናል። እኛም እናቶች ቤት ስንጠይቃቸው የምንረዳቸው አልነበረንም፤ ቋንቋውም ትምህርቱም ከእኛ ርቆ ነበር።

አሁን ሦስተኛ መንገድ መጥቷል። ስቴም ፓወር የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በየክልሉ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላት አቋቁሟል። የአካባቢው ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት እየመጡ ሽቦ ያገናኛሉ፣ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ ኮምፒዩተር ይነካሉ። ያልገባው ቆም ብሎ ይጠይቃል። ከፕላዝማው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ያቺ ልጅ ለምን አትሄድም? እናቷን ጠየቅናት። «ቅዳሜ ስንቋን ልትወስድ ትመጣለች» አለች።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተናገርንም። ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት የገጠር ልጆች ሳምንት ሙሉ የሚበሉትን እንጀራና በሶ ለማምጣት ቅዳሜ በእግራቸው ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ ተሸክመው ይመለሳሉ። ወንዶቹም ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ግን ቤት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሊጥና ልብስ አለ። የሳይንሱ ሰዓትና የስንቁ ሰዓት አንድ ላይ ወደቁ።

ደጋፊዎቻችን ማይክሮስኮፕ እንዳትገዙልን፤ እሱ ማዕከል ውስጥ አለ። እኛ የወሰንነው ሌላ ነው። ቅዳሜ ለገበያ የሚወጡ አባሎቻችን የስድስት ልጆችን ስንቅ በየተራ በአህያ ጭነው ያመጣሉ። የመጀመሪያዋ ባለ ተራ የዚያችው ልጅ እናት ናት።