ከአሠልጣኞች ሁሉ የሚበልጠው ማነው?
በአዳራሻችን ስለ ተደረገው ክርክር

አንባቢ ሆይ፤ በትምህርት ቤታችን ኳስ የማይጫወት ተማሪ ቢፈለግ ይገኝ ይሆናል፤ ስለ ኳስ የማይከራከር ግን አይገኝም። ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ክርክር ለማዘጋጀት ስንመክር፣ «ከልዩ ልዩ አገሮች የእግር ኳስ አሠልጣኞች የሚበልጠው ማነው?» የሚለውን አርእስት ለመምረጥ ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም። የታሪክ መምህራችን ፈቃዳቸውን የሰጡን ግን በአንድ ውል ነው፤ ይኸውም የሚቀርበው ሰው ሥራው ተፈጽሞ ወደ ታሪክ የገባ ይሁን እንጂ ባለፈው ቅዳሜ በቴሌቪዥን የታየ እንዳይሆን ነው። በዚህ ምክንያት የካርሎ አንቸሎቲ ደጋፊዎች፣ ምንም እንኳ ሰውየው የኤውሮፓን የክለቦች ዋንጫ አምስት ጊዜ ያገኘ ቢሆን፣ ቅር እንዳላቸው ከኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የተነሡት የእንግሊዝ ወገን ነን ያሉት ናቸው። እነሱም አሌክስ ፈርጉሰን ከ1986 እስከ 2013 ድረስ ማንቸስተር ዩናይትድን መርቶ 13 ጊዜ የሊግ ዋንጫ እንዳስገኘ ተናገሩ። ነገር ግን «ሰውየው ስኮትላንዳዊ ነው እንጂ እንግሊዛዊ አይደለም» የሚል ድምፅ ከአዳራሹ ስለ ተሰማ፣ የተፈቀደላቸው ጊዜ በዚሁ ጭቅጭቅ አለቀ። የሆላንድ ወገን ሪኑስ ሚሸልስን አቀረበ። ፊፋ በ1999 የምዕተ ዓመቱ አሠልጣኝ ብሎ የሰየመው እሱን ስለ ሆነ፣ ተከራካሪው ይህን ብቻ ተናግሮ መቀመጡ ስንፍና ሆኖ ታየን።

አዳራሹ ጸጥ ያለው የኢጣልያ ተራ ሲደርስ ነው። ቪቶሪዮ ፖዞን ያቀረበው ጓደኛችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ነገሩን ደኅና አድርጎ አጥንቶት ነበር። ፖዞ በ1886 በቶሪኖ ከተማ ተወለደ፤ በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ተቀምጦ የጨዋታውን ጥበብ ከምንጩ ቀዳ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተራራ ጦር መኰንን ሆኖ አገለገለ። ተጫዋቾችን ከግጥሚያ በፊት ከከተማ አውጥቶ እንደ ወታደር በአንድነት ማሳደርን ልማድ አደረገ። በ1934 እና በ1938 የዓለምን ዋንጫ፣ በመካከሉም በ1936 የኦሎምፒክን ወርቅ አገኘ። በወንዶች እግር ኳስ ሁለት ጊዜ የዓለምን ዋንጫ ያነሣ አሠልጣኝ እስከ ዛሬ ድረስ ከእሱ በቀር የለም። ጓደኛችን አንድ ነገር ጨመረ። በግንቦት 1949 የቶሪኖን ክለብ ከሊዝቦን ይዞ የተመለሰው አይሮፕላን ከሱፐርጋ ኮረብታ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 31 ሰዎች በሙሉ ባለቁ ጊዜ፣ የሞቱትን ተጫዋቾች አስከሬን እያየ በስም የለየው ሽማግሌው ፖዞ ነበር። ይህን ሲናገር የጓደኛችን ድምፅ ተለወጠ፤ እኛም አላጨበጨብንም።

መልስ ሊሰጥ የተነሣው ተቃዋሚ ዋንጫዎቹን አልነካም። ወደ ማርሴይ ከተማ ወሰደን። ሰኔ 5 ቀን 1938 ኢጣልያ ከኖርዌይ ጋር ለመግጠም ወደ ሜዳ ስትገባ፣ በዚያ የነበሩ የፋሺስት ተቃዋሚዎች በፉጨት ተቀበሏት። ተጫዋቾቹም እጃቸውን ዘርግተው የፋሺስት ሰላምታ ሰጡ። ፖዞ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ ፉጨቱ በርዶ እጃቸውን ሲያወርዱ ሁከቱ እንደ ገና ስለ ተነሣ፣ እሱ «እንደ ገና አንሡ» ብሎ አዘዘ። በሚቀጥለው ግጥሚያ በፓሪስ ከፈረንሳይ ጋር የተጫወቱት ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው ነው። ተቃዋሚው «በዚያ ሰኔ አዲስ አበባ በማን እጅ ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ያ የተዘረጋ እጅ የማንን ድል እንደሚያመሰግን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም አለና ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። የፖዞ ተከራካሪ ሁለተኛ ጊዜ ተነሥቶ «ቅድመ አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ በጫካ የቆዩበትን ዘመን ከቤተ ሰቤ ሰምቼ አድጌአለሁ። እናንተ ግን የጠየቃችሁኝ ስለ አሠልጣኝ ነው» አለ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ አጉረመረመ። እኛም ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው በዚህ ነገር አንድ ልብ አልሆንም። ከፊላችን ዋንጫ ዋንጫ ነው እንላለን፤ ከፊላችን ደግሞ «አንሡ» ብሎ ያዘዘው አሠልጣኙ ራሱ ስለ ሆነ፣ ትእዛዙም ከሥራው ይቈጠራል እንላለን።

የሀንጋሪ ወገን ሲቀርብ መንፈሳችን ትንሽ ተመለሰ። ጉስታቭ ሰቤስ የመራው ቡድን በ1952 በሄልሲንኪ የኦሎምፒክን ወርቅ አገኘ፤ ኅዳር 25 ቀን 1953 ደግሞ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ በዌምብሌ 6 ለ 3 መታ። ከዚያ በፊት ከኤውሮፓ ዋና ምድር የመጣ ቡድን እንግሊዞችን በአገራቸው አሸንፎ አያውቅም። ሰቤስ አስቀድሞ የዌምብሌን ሜዳ ስፋት ለክቶ፣ ተጫዋቾቹን በዚያው ልክ በተሰናዳ ሜዳ ላይ በእንግሊዝ ኳስ አለማመዳቸው። 9 ቁጥር የለበሰው ሂደግኩቲ እንደ ልማዱ ከፊት መቆም ሲገባው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይጫወት ነበርና፣ የእንግሊዙ መካከለኛ ተከላካይ ልከተለው ወይስ ቦታዬን ልጠብቅ እያለ ሲያመነታ ሂደግኩቲ ብቻውን ሦስት ጎል አገባ። ይህን ሁሉ ተከራካሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሎ ሲያሳይ፣ የሒሳብ መምህራችን እንኳ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀረብ አሉ።

ነገር ግን ሀንጋሪዎችን ያስተማረው ማነው? በዚያ ቀን በዌምብሌ ከተመልካቾች መካከል አንድ የ71 ዓመት እንግሊዛዊ ተቀምጦ ነበር። ስሙ ጂሚ ሆጋን ይባላል። ከ1914ቱ ጦርነት በፊት ወደ ቪየና ሄዶ ሲያሠለጥን ጦርነቱ ስለ ያዘው፣ ወደ ቡዳፔስት ተሻግሮ ኤም ቴ ካ የሚባለውን ክለብ አስተማረ። ኳስን በመሬት እያንሸራሸሩ በአጭር መቀባበልን በዚያ የተከለ እሱ ነው። የዘራውን የገዛ አገሩ ሰዎች ሳይሆኑ ባዕዳን አጨዱት። ከዚህ ላይ ክርክሩ መንገዱን ሳተ። ድሉ የእንግሊዝ ነው ወይስ የሀንጋሪ? አርእስቱን በአገር መክፈላችን ስሕተት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን። ለሰቤስም ቢሆን ሰሌዳው ሙሉ አልሆነም፤ ሐምሌ 4 ቀን 1954 በበርን ከተማ፣ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ 8 ለ 3 ባሸነፈው በምዕራብ ጀርመን ቡድን 3 ለ 2 ተሸንፎ የዓለም ዋንጫ አመለጠው።

ክርክሩ ሊዘጋ ሲል ከዘጠነኛ ክፍል የመጣች አንዲት እኅታችን እጅዋን አነሣች። በተከራካሪነት አልተመዘገበችም ነበር። «አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለምን አልቀረቡም?» ብላ ጠየቀች። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሳቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የደቡብ አፍሪካን የዘር መንግሥት ከጨዋታ ውጭ አድርገው ጠበቁ። ወዲያው «በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ሜዳውም የራሳችን ነበር» የሚል መልስ ተሰጣት። እውነት ስለ ሆነ አልካደችም።

«አምበሉ ማን እንደ ነበረ ግን ታውቃላችሁ?» አለች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ፤ ወንድሙ ኢታሎም ከእሱ ጋር ተሰልፎ ነበር። በ1940 የወጣው የፋሺስት ሕግ እንደነዚህ ያሉ ልጆችን ኢጣልያዊ አባታቸው በስሙ እንዳይቀበላቸው ከልክሎ ነበር። በወረራው ዘመን ያደጉት አሠልጣኝ ቡድናቸውን ወደ ሜዳ ያስገቡት ይህን ሰው ከፊት አስቀድመው ነው። የፖዞ ተከራካሪ ይህን ሲሰማ ወደ እርሷ ዞሮ ቆየ፤ የተናገረው ነገር ግን የለም።

ድምፅ በወረቀት ተሰጠ። ሰቤስ አንደኛ ወጣ፤ ፖዞ በሁለት ድምፅ ተቀደመ፤ ሆጋን ከሚሸልስና ከፈርጉሰን በልጦ ሦስተኛ ሆነ። የአቶ ይድነቃቸው ስም በመዝገቡ ስላልነበረ፣ ለእሳቸው የተሰጡትን ወረቀቶች ቈጣሪዎቹ ለብቻ አስቀመጡአቸው። ተማሪው ሁሉ ከወጣ በኋላ የታሪክ መምህራችን እነዚያን ወረቀቶች አንድ በአንድ ቈጠሩና፣ የሀንጋሪ ቡድን አሰላለፍ ከተሣለበት ሥር ቁጥሩን ራሳቸው በጠመኔ ጻፉት።