የየትኛው አገር ፈተና? ግማሽ ምዕተ ዓመት በገዳሪፍ መንገድ

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ውስጥ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ውጤትና ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ ነው። አስጠኚ ይቀጠራል፣ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎች ይፈለጋሉ፣ ልጁ ከቤት ውስጥ ሥራ ነፃ ይወጣል። በምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍና አካባቢዋ ላለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ የምፈተነው የየትኛውን አገር ፈተና ነው? ላለፉት ሃምሳ ዓመታት በዚያ ድንበር ያለፉ ወጣቶችን የኮሌጅ ዕድል የወሰነው ከጉብዝናቸው ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደረሰላት፤ በ1940ዎቹ ትራክተር ገባና ሰፋፊ እርሻዎች ተከፈቱ። የእርሻው ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከወሰን ማዶ ይመጣል። ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ከሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛ፣ የአገሩ ሰው ሳሉግ ከሚለው፣ ከፊሉ ጋላባትን ተሻግሮ ይሄዳል። ከመካከላቸው ተማሪዎችም አሉ። ክረምት ላይ ለአረም ወርደው፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር የሚሆን ይዘው ሊመለሱ ያስባሉ። ነገር ግን ደህና ገንዘብ የሚገኘው በአጨዳው ነው፤ አጨዳው ደግሞ የሚጀምረው ልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ መስከረም ላይ ነው። ሰሊጥ አይታገሥም፤ ደርሶ ከቆየ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አሠሪው ሰው የሚይዘው በጥድፊያ ነው፣ ልጁም እሺ ብሎ ይቀራል። ጥቅምት አልፎ የተመለሰ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲጎተት ይከርማል። ስለ ተማሪዎች ድጋፍ የሚወራው ብዙው ነገር ይህን የሁለት ወር ግጭት አይነካውም።

የስደቱ ታሪክ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ከአብዮቱ በኋላ የሚሻገረው ሰው ዓይነቱ ተለወጠ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያውጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። ከዘመቻ ጣቢያቸው የኮበለሉ ነበሩ፤ ቀይ ሽብር ሲፋፋም ደግሞ በመተማና በሁመራ በኩል የሚወጡት በረከቱ።

እነዚህ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ዓረብኛ ብታዞርም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ገና በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ስለዚህ ማትሪክ ያለፈና ወረቀቱን ይዞ የወጣ ወጣት ቢያንስ የሚያንኳኳው በር ነበረው። 10ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ግን የቀረውን ሁለት ዓመት በማያውቀው ቋንቋ መጨረስ ነበረበት። በሁለቱ መካከል የነበረው የዕድሜ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓመት አይበልጥም፤ የሕይወት ልዩነቱ ግን ሰፊ ሆነ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ለስደተኞች ሥራና ትምህርት የሚያፈላልግ ቢሮ አቋቁሞ ነበር። መቀመጫው አዲስ አበባ ነበር። ከደርግ ለሸሸ ተማሪ ዕድል የሚፈልግለት ቢሮ፣ ተማሪው ዝር ሊልባት በማይችላት ከተማ መሆኑ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ ደግሞ ከሱዳን ብዙ ኢትዮጵያውያን ተወሰዱ። በዋሽንግተን አካባቢ ቀን ታክሲ እየነዱ ማታ ኮሌጅ ከጨረሱ ሰዎች መካከል ይህን መንገድ ያለፉት ጥቂት አይደሉም።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የተሻገረው በአብዛኛው ገበሬ ነበር። ኡም ራኩባና ዋድ ኮውሊ በተባሉት መጠለያዎች የነበረው ጥያቄ የልጁ ነፍስ ስለ መትረፉ እንጂ ስለ ክፍሉ አልነበረም፤ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል የተወሰዱትም ያኔ ከዚያው አካባቢ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የአል በሽር መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በዓረብኛ እንዲያስተምሩ አዘዘ። ገዳሪፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ ለአካባቢው ልጅ በረከት ነበር፣ በኢትዮጵያ ሥርዓት ለተማረ ግን በሩ በቅርብ ሆኖ የተቆለፈ ነው። ደርግ ወድቆ ብዙው ስደተኛ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከ1983 ዓ.ም. በፊት የወጡ ኢትዮጵያውያን ከደርግ በመሸሻቸው ይዘውት የቆዩት የስደተኝነት መብትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ተቋረጠ። የቀሩት ቤተሰቦች ልጆች የሱዳንን ሰርተፍኬት ተፈትነው በዓረብኛ ተማሩ። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሕጉ ምን ይላል? ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 22 አንደኛ ደረጃን ለስደተኛው ልክ እንደ ዜጋው ይሰጣል። ከዚያ በላይ ላለው ትምህርት ግን ቃሉ ይላላል፤ ስደተኛው ከሌላ የውጭ ዜጋ እንዳያንስ ብቻ ይጠይቃል። ደግነቱ የውጭ የትምህርት ማስረጃን እውቅናና ስኮላርሺፕን በስም ይጠራል። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕ ብዙ ስደተኞችን አስተምሯል። በዓለም ከፍተኛ ትምህርት ላይ የደረሱት ስደተኞች ከ1 በመቶ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 7 በመቶ ገደማ ደርሰው ነበር፤ ግቡ እ.ኤ.አ. በ2030 15 በመቶ ነው። ይሁንና ስኮላርሺፕ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ነው። የገዳሪፍ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ሳይደርስ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ይህ ሁሉ እንደገና ታየ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ ተሻገረ፤ ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተች፣ ቱናይድባ የተባለች ሌላ መጠለያም ተጨመረች። የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ የወጣ ተማሪ ጥቂት ነበር። ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን ጠመኔ አነሡ፤ ትንንሾቹን ማስተማር ተጀመረ። የሁለተኛ ደረጃው ነገር ግን ከባድ ነበር። የኢጋድ አገሮች በ2017 (እ.ኤ.አ.) በጂቡቲ የተስማሙት ስደተኛ ተማሪን ወደ አስተናጋጁ አገር የትምህርት ሥርዓት ለማስገባት ነው። ሱዳን ላይ ያ ማለት ዓረብኛ ማለት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረው ልጅ ወላጆች ደግሞ «ነገ እንመለሳለን» ይላሉ።

ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ይህ ተስፋ ብዙም አይጎዳም። ለ11ኛ ክፍል ልጅ ግን ውድ ነው፤ ሁለት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ለአንዱም ፈተና አይበቃም። በእኔ ግምት ለዚህ ልጅ ከነጻ ደብተር የሚበልጠው ድጋፍ በ9ኛ ክፍል ቁጭ አድርጎ የሚያማክረው ሰው ነው፤ የትኛውን ፈተና እንደሚወስድ አብሮት የሚወስን፣ ለዚያ ፈተና ቋንቋ አንድ ሙሉ ዓመት የሚሰጠው፣ የሚኒስትሪ ውጤቱንና ካርዱን ገና ስልክ በሚሠራበት ጊዜ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ የሚያስመጣለት።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። የሱዳን የሰርተፍኬት ፈተና ተቋረጠ፤ የ2023 ተፈታኞች የተቀመጡት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ነው። የኢትዮጵያውም ፈተና የዋህ አልነበረም። በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለፈው ተፈታኝ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ 3.2፣ ከዚያ 5.4 ነበር፤ ካላለፉት ለከፊሉ ሪሚዲያል ተዘጋጀ። አማራ ክልል ውስጥም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

መንገዱ አሁን ተገልብጧል። በመተማ በኩል ሱዳናውያን ብቻ ሳይሆኑ፣ ቅድም እመለስባቸዋለሁ ያልኳቸው ቤተሰቦች ልጆችም እየገቡ ነው። አማርኛ ከእናታቸው ይሰማሉ፤ የተማሩት ግን በዓረብኛ ነው፣ ባዮሎጂውን እንኳ። የአቻ ግምቱ 10ኛ ክፍል ያስገባቸውና መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። የሚያሸጋግራቸው ሰው ብርቅ አይደለም፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሱዳን ውስጥ በዓረብኛ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የተመለሱ፣ ዛሬ ጎንደርና መተማ ላይ በንግድና በአስተርጓሚነት የሚኖሩ አሉ። ከእነሱ ሁለት ሦስቱን ለአንድ ዓመት የሒሳብና የሳይንስ አስጠኚ አድርጎ መቅጠር ለምዕራብ ጎንደር ትምህርት ቤቶች ከባድ ወጪ አይመስለኝም።