የአእምሮ ሕመም እና የወንጀል ኃላፊነት

በኢ.ፌ.ዲ.ሪ. የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 48 መሠረት በወንጀል ሊቀጣ የሚችለው ለድርጊቱ ኃላፊ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ሆኖም የአእምሮ ሕመም መኖሩ ብቻውን ከኃላፊነት ነፃ አያደርግም። ወሳኙ ነጥብ ተከሳሹ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የነበረበት ሁኔታ ነው።

የኃላፊነት ደረጃዎች

ተከሳሹ በሕመሙ ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት፣ ወይም በተረዳው መጠን ራሱን መቆጣጠር ጨርሶ ካልቻለ ኃላፊ አይሆንም፤ ስለሆነም አይቀጣም። ይህ ችሎታው በከፊል የተጓደለ እንደሆነ ግን ጥፋተኛ ሊባል ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም በአንቀጽ 49 መሠረት ቅጣቱን ያቀልለታል። ወንጀል ለመፈጸም አስቦ ራሱን በመጠጥ ወይም በዕፅ ያሰከረ ሰው በእነዚህ ድንጋጌዎች ሊጠቀም አይችልም።

የባለሙያ ምርመራ

ስለ ተከሳሹ ኃላፊነት ጥርጣሬ ሲፈጠር፣ በተለይም የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲታይበት፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ አስተያየት እንዲቀርብለት ያዛል። ባለሙያው ስለ ሕመሙ፣ ሕመሙ በማመዛዘን ችሎታው ላይ ስላደረሰው ተጽዕኖ እና ስለሚያስፈልገው ሕክምና ያስረዳል። ተከሳሹ በሕግ ኃላፊ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው።

ከውሳኔ በኋላ

ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰው ሁልጊዜ ወዲያውኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት አይደለም። ለኅብረተሰቡ ወይም አብረውት ለሚኖሩ ሰዎች አደገኛ ከሆነ ተስማሚ በሆነ ተቋም ተወስኖ እንዲቆይ፣ ሕክምና የሚያሻው ከሆነም እንዲታከም ሊታዘዝ ይችላል። ለዚህ እርምጃ አስቀድሞ የተቆረጠ ጊዜ የለም። ስለዚህ ታማሚው ተረስቶ እንዳይቀር ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በየ2 ዓመቱ እንደገና የመመርመር ግዴታ አለበት።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

ተከሳሹ ስለ ሕመሙ ራሱ ማስረዳት ላይችል ይችላል። በመሆኑም ቤተሰብ ሕመሙን ለመርማሪው፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፍርድ ቤቱ በጊዜ ማሳወቁ፣ የቀድሞ የሕክምና ማስረጃዎችንም ማቅረቡ ጠቃሚ ነው። ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት አለው።