ጠፍጣፋና ባለሦስት አውታር ቅርጽ በስፖርት ሜዳሊያ

በትእዛዝ በሚሠራ የስፖርት ሜዳሊያ ላይ ምስልና ጽሑፍ የሚወጣው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። ጠፍጣፋው ቅርጽ ከፍ ያለና ዝቅ ያለ ሁለት ዝርግ ገጽ ብቻ አለው፤ በመካከላቸው ያለው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ባለሦስት አውታሩ ግን ቀስ በቀስ እያበጠና እየሰረጎደ ይሄዳል፤ ጉንጭ ይሞላል፣ የሯጭ ጡንቻ ይወጠራል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ብርሃን ነው። ዝርግ ገጽ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ ፊደል፣ ቁጥርና አርማ ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ በዝቅተኛው ክፍል ውስጥም የኢናሜል ቀለም ሊሞላ ይችላል። ያበጠ ገጽ ብርሃንና ጥላን ስለሚያዋህድ ለሰው ፊት፣ ለእንስሳና ለሚንቀሳቀስ አካል ይስማማል። ማጥቆርም በእጅጉ ያምርበታል፤ ጥቁሩ በጎድጓዳው ቦታ ይቀርና ከጉብታው ላይ ተወልውሎ ይነሣል። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ገጽ ግን ረቂቁን ቅርጽ ይውጠዋል።

የባለሦስት አውታር ቅርጽ ታላቁ ምሳሌ የጣሊያናዊው ቀራፂ የጁሴፔ ካሲዮሊ ሥራ ነው። ከ1928ቱ (እ.ኤ.አ.) የአምስተርዳም ጨዋታ እስከ 2000ው የሲድኒ ድረስ በበጋ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ላይ የኖረችው ምስል፣ ዘንባባና አክሊል ይዛ የተቀመጠች የድል አምላክ ናት፤ ከኋላዋ ኮሎሲየም ይታያል። አካሏና የልብሷ እጥፋት ጎልተው ሲወጡ፣ የየጨዋታው ጽሑፍ በባዶው መስክ ላይ ይሰፍር ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም የተሸለመው ወርቅ ከዚሁ ዘር ነው፤ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በአንገት መንጠልጠል የጀመረውም በዚያው ጨዋታ ነው። በ2004 አቴንስ ላይ ኤሌና ቮትሲ የሮማውን ኮሎሲየም አንሥታ የግሪኩን የፓናቴናይክ ስታዲየም አስገባች፤ ቅርጹ ግን ያበጠ ሆኖ ቀጠለ።

ዋጋው የሚለያየው በአሠራሩ ነው። ለጠፍጣፋው የመስመር ንድፍ ይበቃል። ለባለሦስት አውታሩ ቀራፂው በሸክላ፣ በጄሶ ወይም በኮምፒውተር ሙሉ ሞዴል ይሠራል፤ ምስሉ በተገላቢጦሽ በመምቻው ብረት ላይ የሚቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው። ጥልቅ ቅርጽ በአንድ ምት አይሞላም። የሜዳሊያው ብረት ሲመታ ስለሚጠነክር በእሳት እየለሰለሰ ደጋግሞ ይመታል፤ አለዚያ የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። ጥልቅ ቅርጽ ውፍረትም ይፈልጋል፦ የቶኪዮ 2020 ሜዳሊያ 85 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ውፍረቱ ከ7.7 እስከ 12.1 ሚሊሜትር ነበር።

በዚህ ምክንያት ቀጭንና ትንሽ ሜዳሊያ ላይ ያበጠ ምስል ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ጉብታው የሚነሣበት ቦታ ስለማይኖረው ፊቱ ደብዝዞ ይቀራል፤ እዚያ ላይ በሚገባ የተሣለ ጠፍጣፋ አርማ ይሻላል። በቂ ውፍረት ሲኖር ግን ሁለቱን ማጣመር ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፦ ስፖርተኛው ያበጠ፣ የውድድሩ ስምና ዓመቱ ጠፍጣፋ ይሁኑ። አዛዡ ውሳኔውን በኮምፒውተር ሥዕል ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ናሙናውን በእጁ ይዞ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ማየት፣ ሪባኑ ሲገባም በክንድ ርቀት ጽሑፉ መነበቡን ማረጋገጥ አለበት።