ከማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ የተወለደ ስም

አንድ ኢትዮጵያዊ ማንነቱን ሲጠየቅ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ካስፈለገም የአያቱን ይናገራል። ልጅ ሲወልድ ደግሞ አያት የነበረው ከመዝገቡ ይወርድና አዲሱ ስም ከፊት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ልማዱ ከሕጉ በርትቶ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቀርቷል። በኢጣልያ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ቤትና መሬት ቢጠፋ እንኳ የማይጠፋ ውርስ ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ባለ አገር አባቱም እናቱም የማይታወቁ ሕፃን ምን ተብሎ ይመዘገባል? «ኤኮ» የተባለው የቤተሰብ ስም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢጣልያ ያሉት የቤተሰብ ስሞች ከሦስት መቶ ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሮሲ፣ ሩሶ፣ ፌራሪ የተባሉትን በየመንደሩ የማያገኛቸው ሰው የለም። «ኤኮ» ግን ከብርቅዬዎቹ አንዱ ነው። ዓለም የሚያውቀው በአንድ ሰው በኩል ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1932 በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር በአሌሳንድሪያ ከተማ ተወልዶ በ2016 ሚላኖ ውስጥ ያረፈው ኡምቤርቶ ኤኮ ነው። በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የምልክቶች ጥናት መምህር የነበረው ይህ ሊቅ በ1980 «የጽጌረዳው ስም» የተሰኘውን ልቦለዱን ካሳተመ ወዲህ ስሙ በብዙ ቋንቋዎች ተነቧል። ስሙ ግን ቀደምት የዘር ሐረግ አልነበረውም። የአባቱ አባት ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ነበርና «ኤኮ» የሚለውን ስም ያወጣለት አንድ የማዘጋጃ ቤት ሹም ነው።

ተጥሎ መገኘት በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኢጣልያ ውስጥ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ለማሳደጊያ ቤቶች ይተዉ ነበር። ለዚሁ የተሠራው መሣሪያ በቋንቋቸው «ሩዎታ» ማለትም መንኮራኩር ይባላል። በማሳደጊያው ግንብ ውስጥ የተሰካ፣ በአንድ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ የሚሽከረከር የእንጨት በርሜል መሳይ ነገር ነው። እናት ወይም አዋላጅ በጨለማ ትመጣለች፤ ሕፃኑን ከውጭ አስተኝታ በርሜሉን ታዞራለች፤ ደወል ትደውልና ትሄዳለች። ከውስጥ ያለችው ሞግዚት የሕፃኑን እንጂ የአምጪዋን ፊት አታይም። ብዙዎቹ ሕፃናት ከጋብቻ ውጭ የተወለዱና እናታቸው ከነውር ለመዳን የተወቻቸው ነበሩ። ይሁንና ነገሩን ሁሉ በነውር ብቻ መተርጎም ስሕተት ይሆናል። በሚላኖ ከመንኮራኩሩ ከሚገቡት መካከል በርካቶቹ በሕግ የተጋቡ የድሆች ሠራተኞች ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው አንድ ቀን መጥተው ሊወስዷቸው ያስቡ ነበር። በፍሎሬንስ የ«ኢኖቼንቲ» ማሳደጊያ ዛሬም ከሕፃናቱ ጋር የተገኙ ለሁለት የተከፈሉ ሜዳሊያዎች ተጠብቀው ይታያሉ። ግማሹ በልጁ አንገት፣ ግማሹ በእናት እጅ ሆኖ፣ በመጨረሻ ሁለቱ እንዲገጥሙ ታስቦ የተደረገ ነው። ከእነዚያ ግማሾች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ግማሽ ናቸው።

ይህ የፍሎሬንስ ቤት የመጀመሪያዋን ሕፃን የተቀበለው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1445 ነው። ዕለቱ የቅድስት አጋታ በዓል ስለነበረ አጋታ ስሜራልዳ ተባለች። ቤቱ ያሳደጋቸው ልጆች ዘግይቶ የቤቱን መጠሪያ እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው «ኢኖቼንቲ»፣ ንጹሓን፣ ይባሉ ጀመር። በሮማና በዙሪያዋ «ፕሮየቲ» ማለትም የተወረወሩ፣ በናፖሊ ደግሞ «ኤስፖዚቶ» ማለትም የተጋለጠ፣ የተጣለ የሚሉት ስሞች ተለመዱ። ሚላኖ ውስጥ የማሳደጊያው ዓርማ ርግብ ስለነበረች ልጆቹ «ኮሎምቦ» ተብለው ተመዘገቡ። ዛሬ ኤስፖዚቶ በመላ ኢጣልያ ከሚበዙት አምስት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ ኮሎምቦም በሎምባርዲያ ከተስፋፉት ግንባር ቀደም ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ኤስፖዚቶ ከሌላው ኤስፖዚቶ ጋር የሥጋ ዝምድና ላይኖረው ይችላል። የሚያገናኛቸው ቀደምት አባት ሳይሆን አንድ ግንብና አንድ ደወል ነው።

ስሙ እየበዛ በሄደ መጠን ምልክትነቱም ጎላ። ኤስፖዚቶ የተባለ ወጣት ለሥራም ሆነ ለጋብቻ በቀረበበት ሁሉ ስሙ ከእርሱ ቀድሞ ታሪኩን ያወራበት ነበር። በዚህ ምክንያት በናፖሊ ከ1808 እስከ 1815 በነገሠው በዮአኪም ሙራት ዘመን ይህን ስም ለሕፃናት መስጠት ተከለከለ፤ ሌሎች ከተሞችም በዚያው መቶ ዓመት የወል ስም መስጠቱን ተራ በተራ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሕፃን የተለየ ስም መፍጠር የጸሐፊዎች ሥራ ሆነ። በአንዳንድ ቦታ በፊደል ተራ ይሰየሙ ነበር፤ በሌላው ከዕፀዋት፣ ከወራት፣ ከአየሩ ጠባይ፣ ሕፃኑ ከተገኘበት ሰፈር ስም ይፈጠር ነበር። ጸሐፊው ደግ ሲሆን መልካም ምኞት ያስገባበታል፤ ሲሰለቸው ወይም ሲያላግጥ ደግሞ ሕፃኑ ዕድሜውን በሙሉ የሚሸከመው ቀልድ ይወጣል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ወንድሙ ሞቶበት የተወለደውን «ምትኩ» ወይም «ካሳ»፣ ሳይታሰብ የተገኘውን «ስጦታው» ብሎ የሚሰይም ሕዝብ ስም ታሪክ እንደሚያወራ ያውቃል። ልዩነቱ እዚህ ስም የሚያወጣው ዘመድ፣ እዚያ ግን የማያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑ ነው።

«ኤኮ» የዚህ የፈጠራ ስያሜ ፍሬ ነው። በቤተሰቡ ዘንድ የቆየው ትውስታ አያትየው ተጥሎ መገኘቱንና ስሙን ሹም እንደሰጠው ብቻ የሚናገር ነበር። የስሙን ፍቺ በተመለከተ ኡምቤርቶ ኤኮ ከጊዜ በኋላ እንደገለጸው፣ አንድ ወዳጁ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኢየሱሳውያን ይጠቀሙባቸው የነበሩ ምኅጻረ ቃላትን ዝርዝር ሲመለከት ሦስት የላቲን ቃላት አገኘ፤ «ኤክስ ቼሊስ ኦብላቱስ» የሚሉ። ትርጉማቸው «ከሰማያት የተሰጠ» ነው። የሦስቱን ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት በላቲን ጽሕፈት አጋጥሞ ሲያነቡት ኤኮ ይሆናል። መካከለኛው ፊደል በቃሉ ውስጥ እንደ «ች» ቢነበብም «ኦ» ሲከተለው «ክ» ስለሚሆን፣ የተሠወረው ቃል በድምፅ እንኳ አይታወቅም። ወላጅ ያልተገኘለትን ሕፃን የሰማይ ስጦታ ብሎ መመዝገብ፣ ለዚያውም ማንም እንዳይለየው አድርጎ፣ የደግ ጸሐፊ ሥራ ይመስላል።

ይመስላል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢጣልያንኛ «ኤኮ» የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ድምፅ ብቻ ሆና የቀረችው የግሪክ ተረት ሴት መጠሪያም ይኸው ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት የዘለቀ የከተማ ጸሐፊ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። ሕፃናትን በየቀኑ የሚሰይም ሰው አጭርና የታወቀ ቃል ከመዝገበ ቃላት ቢያነሣ አይገርምም። የምኅጻረ ቃሉ ትርጓሜ የመጣው ከስያሜው ብዙ ዘመን በኋላ፣ በአጋጣሚ ከተገኘ ዝርዝር ነው። ስለዚህ የላቲኑን ፍቺ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ከመቁጠር ሊሆን የሚችል ማብራሪያ አድርጎ መያዝ ይሻላል። የምልክቶች ሊቅ የነበረው የልጅ ልጅ የራሱ ስም በሁለት መንገድ የሚነበብ ምልክት ሆኖ መገኘቱ ግን ሳያስፈግገው የቀረ አይመስልም። በ1988 ባሳተመው «የፉኮ ፔንዱለም» ልቦለድ ውስጥ «ዲዮታሌቪ» የተባለ ገጸ ባሕርይ አለ። ስሙ በአማርኛ «እግዜር ያሳድግህ» እንደ ማለት ሲሆን፣ በመካከለኛው ኢጣልያ የሚገኝ ጥንታዊ የምርቃት ስም ነው፤ ለተጣሉ ሕፃናትም ይሰጥ ነበር። በልቦለዱ ሰውየው ስሙ የአይሁድ ዘር መሆኑን ያመለክታል ሲል፣ ባልደረባው የተጣለ ሕፃን ስም ነው ብሎ ይከራከረዋል። ኤኮ ከራሱ ቤት ታሪክ ርቆ አልሄደም።

ከሰማይ የተሰጠው ያ ሕፃን አድጎ ፊደል ለቃሚ ሆነ። ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል እየለቀመ አሥራ ሦስት ልጆች አሳደገ፤ የኡምቤርቶ አባት ጁልዮ የሁሉም በኩር ነበር። ቤቱ ድሃ ስለነበረ ጁልዮ በልጅነቱ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ከመንገድ ዳር መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ቆሞ ያነባል፤ አንዱ ሲያባርረው ወደ ሌላው ይሄዳል። ሽማግሌው ጡረታ ከወጣ በኋላ ሰዎች የሚያመጡለትን መጻሕፍት ይጠርዝ ነበር። ሲሞት ባለቤቶቹ ተመልሰው ያልወሰዷቸው መጻሕፍት በአንድ ትልቅ ሣጥን ተሞልተው በልጁ ቤት ምድር ቤት ተቀመጡ። ኡምቤርቶ አያቱ ሲሞት ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ወይን ወይም ከሰል እንዲያመጣ ወደ ምድር ቤት በተላከ ቁጥር ሣጥኑን እየከፈተ ያነብ እንደነበር፣ ከዚያ ውስጥ የማርኮ ፖሎን ጉዞና የዳርዊንን መጽሐፍ እንዳገኘ ተናግሯል።

መንኮራኩሮቹ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ተዘጉ። የሚላኖው በ1868፣ የፍሎሬንስና የናፖሊው በ1875 መዞራቸውን አቆሙ። የስሙ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። በ1939 የወጣው የክብር መዝገብ ድንጋጌ ወላጆቹ ላልታወቁ ሕፃን አመጣጡን የሚያስጠረጥር ስም ማውጣትን ከለከለ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ለልጅ ክብር የቆመ ሕግ ነው። ይኸው መንግሥት በማግስቱ ዓመት፣ ሜይ 13 ቀን 1940፣ ስለ ክልሶች ያወጣው ሕግ ደግሞ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ከኢጣልያዊ አባትና ከአገሬው ሴት የተወለደን ልጅ አባቱ እንዳያውቀውና የቤተሰብ ስሙንም እንዳይሰጠው አገደ። እነዚህ ልጆች የተጣሉ አልነበሩም፤ አባታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዳንዱም ከእነርሱ ጋር ይኖር ነበር። አሌሳንድሪያ ላይ ለማይታወቅ አባት ልጅ ስም የሚፈጥረው ቢሮ፣ አሥመራ ላይ ከታወቀ አባት ልጅ ስም የሚነጥቅ ሆኖ ተገኘ። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ቢሻርም፣ አሥመራና አዲስ አበባ ውስጥ የአባታቸውን ስምና ዜግነት በማስረጃ ሲጠይቁ ዕድሜያቸው ያለቀ ክልሶች ብዙ ናቸው። ለነዚያ ልጆች የመዝገብ ጸሐፊ ደግነት አልደረሳቸውም።

የ2000 ዓመቱ የኢጣልያ የክብር መዝገብ ደንብም የቀደመውን ክልከላ ጠብቋል። ወላጆቹ ላልታወቁ ሕፃን ምንጩን የሚያሳብቅ ወይም በአካባቢው የታወቀ ቤተሰብ የያዘው ስም አይሰጥም። ከዚህ የተነሣ አዲስ የሚፈጠር ስም ሁልጊዜ ብርቅዬ ሆኖ ይወለዳል፤ ብርቅዬ ስም ደግሞ በቀላሉ ይጠፋል። ኢጣልያዊት ሴት አግብታም የራሷን የቤተሰብ ስም ትይዛለች፤ ልጆቿ ግን የአባታቸውን ብቻ ይወርሱ ስለነበር፣ ሴት ልጆች ብቻ በወለደ ቤት ስሙ በአንድ ትውልድ ይቆማል። እንደ ኤኮ ያሉ ስሞች አሥራ ሦስት ልጆች ከነበሩት ቤት ወጥተው እንኳ ጥቂት ሆነው የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ልማድ ነው። በስልክ ማውጫ ወይም በኮምፒውተር ቆጥሮ ለማወቅ የሚሞክርም ሌላ እንቅፋት ያገኘዋል፤ «ኤኮ» ዛሬ ከሥነ ምኅዳር ጋር የተያያዘ የየኩባንያው ስም መነሻ ስለሆነ ሰውና ድርጅት ይቀላቀሉበታል።

በ2022 የኢጣልያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በቁጥር 131 በሰጠው ውሳኔ የአባት ስም ብቻ በራሱ እንዲወርስ ያደርግ የነበረውን ሥርዓት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ብሎ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ወላጆች አንዱን ብቻ ለመስጠት ካልተስማሙ በቀር ልጅ የሁለቱንም ስም፣ እነርሱ በተስማሙበት ቅደም ተከተል፣ ይይዛል። ኤኮ የምትባል ሴት የምትወልደው ልጅም እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ከጠረጴዛው ላይ ለማይታወቅ ሕፃን የጻፈውን ቃል ከአባቱ ስም ጎን ይዞ ሊመዘገብ ይችላል።