ከስደት የበቀለ እርሻ

እስቲ ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ፋሺስት ጣሊያን ከተማዋን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። በእነዚያው ዓመታት የጣሊያን አጋር ናዚ ጀርመን ያሳደዳቸው ሰዎች ስኮትላንድ ውስጥ ሌላ ነገር ጀመሩ፦ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ትምህርት ቤት።

ካርል ኮኒግ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ ነውና ተሰደደ። በ1940 እሱና ጓደኞቹ አበርዲን አጠገብ ካምፕሂል የሚባል ግቢ አገኙ። ሊገቡ ሲሉ ግን የብሪታንያ መንግሥት ወንዶቹን «የጠላት አገር ሰዎች» ብሎ አሰራቸው። ታዲያ ሥራው ቆመ? የለም! ሴቶቹ ጁን 1 ቀን ገብተው ቀጠሉ። በዚያው ጊዜ ጀርመን ውስጥ ናዚዎች አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን «መኖር የማይገባቸው» እያሉ ይገድሉ ነበር። እስከ ኦገስት 1941 ድረስ በጋዝ ብቻ ከ70,000 በላይ ሰው አልቋል።

የካምፕሂል ልጆች አደጉ። አድገው የት ይሂዱ? በ1955 እንግሊዝ አገር ቦተን የሚባል መንደር ተመሠረተላቸው፤ እዚያም ባዮዳይናሚክ እርሻ ማረስ ጀመሩ። ይህን አስተራረስ ሩዶልፍ ስታይነር በ1924 ያስተማረው ነው። እርሻው እንደ አንድ አካል ይታያል፦ ከብቱ እበት ይሰጣል፣ እበቱ አፈሩን ያዳብራል፣ አፈሩ መልሶ መኖ ያበቅላል።

እንዲህ ያለ እርሻ የሚመራ ሰው አፈሩንም የሰዉንም ሥራ ያስተዳድራል። ሥራውን ይከፋፍለዋል፦ አንዱ ያጠጣል፣ ሌላው ቅጠል ይሰበስባል፣ ሌላው ላሞቹን ይመግባል። ላሟ ካልበላች ወተት የለም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው መቅረት ይታወቃል።

ሳይንሱስ ምን ይላል? ስታይነር የላም ቀንድ እበት ሞልቶ መቅበርን ይመክር ነበር፤ የቀንዱ ልዩ ኃይል ግን አልተረጋገጠም። የብስባሹ ጥቅም ሌላ ነገር ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ የሚካሄድ ሙከራ አለ። የ21 ዓመቱ ውጤት እንዳሳየው፣ ባዮዳይናሚክን ጨምሮ ያለ ኬሚካል የለሙት ማሳዎች ምርታቸው በአማካይ በ20 በመቶ አንሷል። የገባላቸው ማዳበሪያ ግን ከ34 እስከ 53 በመቶ ያነሰ ነበር፤ አፈራቸውም በሕይወት የተሞላ ነበር።

ይህ ነገር ለሰሜን ጎንደር ደጋ ሩቅ አይደለም። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ለአፈሩ የሚገባው ምግብ አብሮ ይነዳል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከ1996 ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ኮምፖስት ሲሞክሩ፣ ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት የተሻለ ምርት ሰጥቷል። ቀንድ መቅበር አላስፈለጋቸውም።

እናንተም በትምህርት ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጭድ፣ ቅጠልና እበት እያፈራረቃችሁ ከምሩ፣ ውኃ አርከፍክፉ፣ መሀሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። ከሳምንት በኋላ ዱላውን ነቅላችሁ ዳስሱ፦ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ በዓይን የማይታዩት ሕዋሳት ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማየትም ማንበብም አያስፈልግም፤ ማየት የተሳነው ጓደኛችሁ ከሁላችሁ ቀድሞ ሊነግራችሁ ይችላል።