ባቡር ያደረባት ከተማ

ስለ ድሬዳዋ ልደት ሲወራ ሁልጊዜ ሐዲዱ ይነሣል፤ ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ በተዘረጋው በዚያ መስመር ላይ ባቡር ያለፈባቸው ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። አዲጋላም፣ ኤረርም፣ አፍደምም ፉጨቱን ለአሥርተ ዓመታት ሰምተዋል፤ አንዳቸውም ግን ድሬዳዋን አላከሉም። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት የባቡሩ ማለፍ ሳይሆን እዚያ መቆሙ፣ ማደሩና መጠገኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሲሰጡ ሐዲዱ አስቀድሞ እንዲደርስ የታሰበው ሐረር ነበር። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ግን የተቀመጠችው ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ባቡሩን ያን ዳገት ማስወጣት ሐዲዱን ከዘረጋው ኩባንያ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ባቡር የገባበት ያ ቦታ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ሽኩቻም ተጨመረበትና ኩባንያው ከሰረ። አዲስ አበባ ባቡር የደረሰላት በ1909 ነው። ባለገንዘቦቹን ያከሰረው መዘግየት ለድሬዳዋ ጊዜ ገዛላት። የመስመሩ ጫፍ በነበረችባቸው ዓመታት በግመልና በበቅሎ የወረደው ቡናና ቆዳ እዚያ ይራገፍ ነበር፤ ከወደብ የመጣው ጨርቅና ሸቀጥም እዚያው ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ዕቃ ከአንዱ መጓጓዣ ወደ ሌላው በሚዛወርበት ቦታ ደግሞ መጋዘን፣ ሚዛን፣ ደላላ፣ አስተርጓሚና ማደሪያ የግድ ነው። የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር በአንድ ገበያ የተገናኙት ይህ ሥራ ስለጠራቸው ነው።

ንግድ ብቻውን ግን ሰውን አያጸናም፤ መስመሩ ወደ ፊት ሲገፋ ነጋዴውም አብሮ መሄድ ይችል ነበር። ድሬዳዋን ያጸናት የጥገናው ወርክሾፕ ነው። የእንፋሎት ባቡር ውኃና ነዳጅ ብቻ አይበቃውም፤ ቦይለሩን የሚፈትሽ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ መንኮራኩሩን የሚሞርድ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ሙያ ደመወዝ አመጣ፤ ደመወዙ ቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት አስከተለ፤ ፈረንሳይኛም የሠራተኛው ቋንቋ ሆነ። የአገራችን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ሲነገር የባቡር ሠራተኞች ከቀዳሚዎቹ መካከል የሚጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አሠሪ ሥር የሚውሉ ሰዎች ብሶታቸውንም አብረው ያወራሉ። በኋላ የመጡት የጥጥና የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ማሽን የለመደ ሰው ያገኙት እዚያ ነበር።

ይህ አብሮነትን ማጋነን ነው የሚል ይኖራል፤ ተቃውሞውም መሠረት አለው። ያው የባቡር ኩባንያ የከዚራን ሰፈር በቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና በጥላ ዛፎች ሲቀይስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ከሆነው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር እንደ ነዋሪው አቅም አደገ። ቅያሱ ለማን እንደታሰበ ግልጽ ነው። ሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ የከፋው በወንዙ ዳር በተጠጋጉት ቤቶች ላይ ነበር። ስለዚህ ባቡሩ ሁሉን እኩል አደረገ ብዬ አልከራከርም። የምለው ከዚራና መጋላ ቢለያዩም እንደማይተዋወቁ ሰዎች አልኖሩም፤ ሁለቱም የሚበሉበት ሥራ ያለው በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ስለነበር፣ በየቀኑ ደረቁን ወንዝ ይሻገሩ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣን ነው፤ ብዙ ጭነት ይጎትታል፤ ለወደብ አልባ አገር የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ ታዲያ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ማለቱ ምን ይጎዳል? እንደ ጭነት ማመላለሻ ካየነው አይጎዳም። በተጨናነቀ ከተማ መሐል ሐዲድ መዘርጋት ቤት ማፍረስን ያስከትላል፤ አደጋም አለው። ችግሩ ግን ጣቢያው ሲርቅ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ ይተዳደር የነበረው ሻይ አፍይ፣ ጋሪ ነጂ፣ ተሸካሚና አትክልት ይዛ ጅቡቲ የምትመላለሰው ነጋዴ ከስሌቱ መውጣታቸው ነው። ርቀቱን አሁን መቀየር አይቻልም። በአዲሱ መስመር ዙሪያ ለሚሠሩት መጋዘኖችና የጥገና ሥራዎች የሚያስፈልገውን ሙያ ከተማ ውስጥ ማስተማር፣ ሠራተኛው ውሎ የሚገባበት መደበኛ አውቶቡስ መመደብ፣ የአሮጌውን ወርክሾፕ ማሽኖችና አዛውንት ባለሙያዎች ለዚሁ ትምህርት ማዋል ግን ይቻላል። ወጪው ለሐዲዱ ከወጣው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ አዛውንቶቹ ግን ብዙ ጊዜ አይጠብቁንም።